የመኝታ ቤቱ ስልክ
ባለቤቴ ከሥራ በገባ ቁጥር ኢንተርኔታችን ይቋረጣል። ሲያማርረኝ ለቴክኒሻኑ በሞባይሌ ደወልኩ።
«እህቴ፣ መስመሩ ላይ ሌላ ስልክ ተቀጥሏል?»
«መኝታ ቤት አንድ አለ።»
«ስፕሊተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ሳይገጠምለት ቀርቷል። ስልኩ ሲነሳ ኢንተርኔቱ ይጠፋል። አሁን የሚያወራበት ሰው አለ?»

የሳሎኑን ስልክ ቀስ ብዬ አንስቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ባለቤቴ በጌዴኦኛ ያወራል፣ አንዲት ሴት ትስቃለች። እሱም ከእኔ ጋር ስቆት በማያውቀው ሳቅ ይንከተከታል። ደሜ ፈላ። መኝታ ቤት ገብቼ «ማናት ይቺ?» ብዬ ጮህኩበት። ስልኩን አቀበለኝ።

«ደና ነህ፣ የወንድሜ ሚስት? ልጆች ደና ነው?» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ ታላቅ እህቱ፣ ከኢዲዶ መንደር። አፍሬ «ደህና ነን» ብዬ ስልኩን መለስኩለት።

ስልኩ ሲዘጋ ባለቤቴ «እዚህ ቤት በቋንቋዬ ከማን ጋር ልሳቅ?» አለኝ። ዲላ ተወልጄ አድጌ፣ የጌዴኦ ሰው አግብቼ፣ ከሰላምታ ያለፈ ጌዴኦኛ አላውቅም።

እህቱ መሆኗን እያወቅኩም ቅናቱ አለቀቀኝም። በማግስቱ ምን እንዳሳቃቸው ጠየቅኩት። በአማርኛ ነገረኝ። እሱም እኔም አልሳቅንም።