ፍሬ ያለው አይንሳፈፍም

ይህ ወሬ ያስከፈለኝ ከወናጎ እስከ ይርጋጨፌ ያለውን መንገድ ነው። ሚኒባሱ ከዲላ እንደተነሳ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት፣ ከጎኗ ያሉትን መጽሐፍ ቅዱስ የያዙ ሽማግሌ ጠየቀች።

«አባባ፣ ጌታ ኢየሱስ ኃጢአት መሥራት ይችል ነበር?»

«አምላክ ነው እኮ፤ እንዴት ይወድቃል?»

«መውደቅ ካልቻለ ምኑን ተፈተነ? መልሱን በኪሱ የያዘ ተማሪ ተፈተነ ይባላል?»

ሽማግሌው ሳቁ። «ቡና አጥበሽ ታውቂያለሽ?»

«ኢዲዶ ቡና መሃል ተወልጄ!»

«እሸቱን ውሃ ውስጥ ስትጨምሪው ባዶው ይንሳፈፋል። ፍሬ ያለው መንሳፈፍ አይችልም። ታዲያ ውሃው አልነካውም?»

«ነክቶታል።»

«አየሽ!»

«እኔ ግን ልንሳፈፍ ነው፣ አባባ። ባሌ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ አራት ዓመቱ፣ ድምፁ ከጠፋ ሁለት። ጎረቤቴ እየመጣ እንጨት ይፈልጥልኛል።»

«እንጨት መፍለጥ ምን ኃጢአት አለው?»

«የመጥረቢያውን ድምፅ መናፈቄስ?»

ሽማግሌው መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጡ።

«ድንጋዩን እንጀራ አድርግ ሲባል ጌታም ርቦት ነበር፣ ልጄ። መራቡ ኃጢአት ተብሎ አልተጻፈበትም።»

«የእሱ አርባ ቀን ነው፣ አባባ።»

ወናጎ ላይ «ወራጅ አለ» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።