ቸርኬና ሊጥ

የሦስቱ ነገሥታት፣ የሰብአ ሰገል፣ በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው ዳቦ ልገዛ ስወጣ፣ ጎረቤቴ ዶን ሞንሴራቴ የቤዝቦል ዱላ በትከሻቸው አድርገው ሲመጡ መንገድ ላይ ተገናኘን።

«ዶን ሞንሴራቴ፣ በዓሉ ሳይደርስ ማንን ሊፈነክቱ ነው?» አልኳቸው።

«ማንንም አልፈነክትም፣ መምህር። የልጅቷን መኪና ፓራፋንጎ ላጥፍላት ነው።»

በእኛ ከተማ በሳሊናስ ይህን የማያውቅ የለም፤ ለማያውቅ አንባቢ ግን ልንገር። አንድ ሰው ከልኩ በላይ የሆነ ቸርኬ መኪናው ላይ ሲያስገባ ጎማው የፓራፋንጎውን ጠርዝ ይፈገፍጋል። ያኔ ዱላ በጎማውና በጠርዙ መሃል ይሸጎጥና መኪናው ይገፋል፤ ጠርዙም ወደ ላይ ይታጠፋል። ቀለሙም አብሮ ይሰነጠቃል። በዚህ ዘዴ ስንት አዲስ መኪና ሲበላሽ አይቻለሁ፤ በሰፈራችን ግን ሙያ እንጂ ጥፋት ነው ያለ ሰው አልነበረም።

ልጅቷ ያሪማር ናት፣ የልጃቸው የኤድጋርዶ ልጅ። ማያጉዌስ ከተማ ምህንድስና ተምራ ሥራ ከያዘች በኋላ፣ ባለፈው ወር ቀይና ፈጣን አዲስ መኪና ገዛች። አባቷ በሕመም የሞተው እሷ ትንሽ ልጅ ሳለች ነው። የእሱ አራት የሚያብረቀርቁ ሃያ ኢንች ቸርኬዎች፣ ከነጎማቸው፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መኪና ማቆሚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ዶን ሞንሴራቴ እሑድ እሑድ ይወለውሏቸዋል። ልጃቸው ሊሞት ሲል «ልጅህ አዲስ መኪና ስትገዛ ያንተን ቸርኬ አስገባላታለሁ» ብለው ቃል ሰጥተውታል። በነገሥታት በዓል ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ በመኪና ተሰልፎ ተራራው ላይ ወዳለው ጸሎት ቤት ይወጣል። ቸርኬዎቹ እዚያ ሰልፍ ላይ እንዲታዩ ነበር የሽማግሌው ምኞት።

ዳቦውን ትቼ ተከተልኳቸው። ጠብ ከሚሸትበት ቦታ መቅረት አይሆንልኝም።

ያሪማር እጇን አጣምራ መኪናዋ ፊት ቆማለች። የዶን ሞንሴራቴ አበልጅ ዶን ታቶ ክሪክ ይዘው ተዘጋጅተዋል። የዶን ሞንሴራቴ ባለቤት ዶኛ ፕሮቪ ጥግ ላይ ተቀምጠው ለበዓሉ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀለውን የጥሬ ሙዝ ሊጥ ያሻሉ።

«አባባ፣ እባክዎ ዱላውን ያስቀምጡት» አለች ያሪማር።

«ምን ቸገረሽ? አምስቱም ብሎን ገጥሟል። ብሎን ከገጠመ ገጠመ ነው!»

«ክሩ ስለታሰረ ብቻ ጫማው ልክ ነው ይባላል?»

ዶን ታቶ ከት ብለው ሳቁ። «እኛኮ አንቺ ሳትወለጂ ስንቱን መኪና አጫምተናል! ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ ዶን ታቶ። እርስዎ ያጫሙት የጎረቤታችን መኪና ግን መሪው በዞረ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ይጮሃል። ሲመጣ ውሾቹ ሳይቀሩ ያውቁታል።»

ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። ዶን ሞንሴራቴ ግን አልሳቁም።

«አዲስ መኪና ስለገዛሽ የአባትሽ ነገር አረጀብሽ?» አሉ። «እነዚህን ካላስገባሽ እኔ ሰልፉ ላይ አልወጣም። ሕያው ሰው ቢሆን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ለሞተ ሰው የሰጠሁትን ቃል ማን ይፈታልኛል?»

ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባባ፣ እኔ ትልቅ ቸርኬ አልጠላሁም። እንዲያውም መኪናው ይዞት ከመጣው በአንድ ኢንች የሚበልጥ አዝዣለሁ፤ ነገ ይደርሳል። ግን ቸርኬው ባደገ ቁጥር ጎማው በዚያው ልክ መቅጠን አለበት። ያኔ የሁለቱ ቁመት አንድ ላይ ሲለካ እንደ ድሮው ይሆናል። ፓራፋንጎ አይነካም፣ የፍጥነት መቁጠሪያውም አይዋሽም። የአባቴ ቸርኬ ከወፍራም ጎማው ጋር ከልክ ያልፋል። የመሃሉ ቀዳዳ ለእኔ መኪና ሰፊ ስለሆነ በወጉ አይቀመጥም። ከሁሉ የባሰው ፍሬኑ ነው። ይህ መኪና ፈጣን ስለሆነ ፍሬኑን ትልቅ አድርገው ሠርተውታል። ከመሃል ወደ ጠርዝ የተዘረጋው የቸርኬው ዘንግ ሊነካው ምንም አልቀረው።»

«አይነካም! በዓይኔ አይቻለሁ!»

«እንግዲያው በዓይን ሳይሆን በእጅ እናረጋግጥ።» ይህን ብላ ወደ አያቷ ዶኛ ፕሮቪ ሄደችና ከሳህኑ ቆንጥራ ሊጥ አነሳች።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አሉ ዶኛ ፕሮቪ። ያሪማር ሊጡን እየቆረሰች ከግድግዳው በወረደው የአባቷ ቸርኬ ዘንጎች ጀርባ፣ ፍሬኑ በሚያልፍበት በኩል ለጠፈችው።

«አሁን እርስዎ ራስዎ ያስገቡት፣ አባባ። በኋላ አጠበቀችው እንዳይሉኝ።»

ዶን ታቶ መኪናውን በክሪክ አንስተው የፊት ጎማውን ሲያወልቁ፣ ሽማግሌው እያጉረመረሙ የልጃቸውን አስገቡት፣ ብሎኑን አሰሩ፣ ቸርኬውን በእጃቸው አንድ ዙር አዞሩት። ከዚያ ፈትተው አወጡት። እንደ አውራ ጣት ወፍራም የነበረው ሊጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ብረቱ ገጥጦ ወጥቷል።

«ይህ መኪናው ቆሞ፣ ማንም ሳይጫንበት ነው» አለች ያሪማር ቀስ ብላ። «ከተራራው ስንወርድ ፍሬኑ ይግላል፤ መታጠፊያው ላይ ክብደቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይጫናል። ያኔ ይህቺ ልጣጭ ምን ታደርጋለች? መኪናው ውስጥ የምትቀመጡት እኮ እናንተ ናችሁ።»

«ከቸርኬው ጀርባ ቀለበት ጣል አድርጊበትና ወደ ውጭ ይውጣልሽ!» አሉ ዶን ታቶ።

«ወደ ውጭ ሲወጣ ፓራፋንጎውን ይበላል። ፓራፋንጎው ሲበላ ዱላ ይመጣል። መጀመሪያ ያልለካ ሰው ሲጠግን ይኖራል፣ ዶን ታቶ።»

ዶን ታቶ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ደግሞ የሙዝ ልጣጩን መቁጠር ጀመርኩ። ያን ጊዜ ከጥግ ድምፅ ተሰማ።

«ኤድጋርዶም ይሰርቀኝ ነበር» አሉ ዶኛ ፕሮቪ።

«ምኑን?» አሉ ባላቸው።

«ሊጡን ነዋ። እነዚህን ቸርኬዎች ያስገባ ዕለት፣ ልክ እንደዚህ ቆንጥሮ ሮጠ። ጥሬውን ሊበላው መስሎኝ እጁን በማማሰያ መታሁት። እየሳቀ መኪናው ሥር ገባ። አንተ ያን ጊዜ ሳን ሁዋን መንገደኛ ጭነህ ሄደህ ነበር። እኔም እስከ ዛሬ ለምን እንደወሰደው አላወቅኩም ነበር።»

ዶን ሞንሴራቴ የልጅ ልጃቸውን አዩ። «እሱ ነው ያሳየሽ?»

«አላሳየኝም፣ አባባ። እኔ ትምህርት ቤት በሸክላ ጭቃ ሲሠራ ነው ያየሁት። እዚህ ጭቃ ስላጣሁ ነው ሊጥ ያነሳሁት።» እንባዋ ወረደ።

እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ሽማግሌው ዱላውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ሊጥ የተለጠፈበትን ቸርኬ እቅፋቸው ውስጥ አድርገው ቁጭ አሉ።

«ለራሱ መኪና ለክቶ ነው ያስገባው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ከልጄ ቸርኬውን ብቻ ወረስኩ። ልኩን የወረሰችው እሷ ናት።»

በማግስቱ አዲሶቹ ቸርኬዎች መጡ። ሊጡ ተለጠፈ፤ ቸርኬው ዞሮ ሲወጣ ሊጡ እንዳለ ነበር። መሪው እስከ ጥግ በግራም በቀኝም ተጠመዘዘ፤ የነካው ነገር የለም። ብሎኑን በመስቀለኛ፣ በተራ በተራ ያጠበቁት ዶን ሞንሴራቴ ናቸው። ሲጨርሱ ወደ ግድግዳው ሄደው ከልጃቸው ጎማዎች ላይ አራቱን ትንንሽ የናስ የንፋስ መሙያ ክዳኖች ፈትተው አመጡ።

«እነዚህስ? መለካት አለባቸው?»

«እነሱ ለሁሉም ጎማ ልክ ናቸው፣ አባባ።»

አንድ በአንድ በአዲሶቹ ጎማዎች ላይ አሰሯቸው። ቃላቸውም በዚሁ ተፈጸመ።

በበዓሉ ዕለት እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። መንገዳችን ጉድጓድ እንደማያጣ የታወቀ ነው፤ አንዱ ውስጥ ዘለን ገባን፣ ዘለን ወጣን፣ ጎማውም ቸርኬውም ደህና። ቁልቁለቱን ስንወርድ መኪናው መሪውን እንደ ታዛዥ ልጅ ይሰማ ነበር። ዶን ሞንሴራቴ መስኮቱን ከፍተው ለሰልፉ ሁሉ «የኤድጋርዶ ክዳን ነው!» እያሉ ያሳዩ ነበር። ስንመለስም ማንም ሳያሳስባቸው ብሎኖቹን ደግመው አጠበቁ።

ወጣቶች ሆይ፣ መኪናችሁን አስጊጡ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ግን አስቀድማችሁ ለኩ። የምትለኩት ለብረቱ ብላችሁ አይደለም፣ አጠገባችሁ ለሚቀመጠው ሰው ነው። እናንተም ሽማግሌዎች፣ የተማረ ልጅ ሲናገር ዱላውን አስቀምጡ። የሞተውን የምናከብረው ሕያዋኑን በደህና ወደ ቤት በማድረስ ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዶን ታቶ አዲስ መኪና ገዝተው፣ ትልልቅ ቸርኬ አስገብተው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። «አበልጅ፣ ና ግፋልኝ!» ብለው ከደጅ ተጣሩ።

ዶን ሞንሴራቴ ወጥተው መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ አዩት። ዱላውን ከአበልጃቸው እጅ ተቀብለው ግድግዳው ላይ፣ ከኤድጋርዶ ቸርኬዎች ጎን ሰቀሉት። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ዞረው ተጣሩ።

«ፕሮቪ! የተረፈ ሊጥ አለ?»