የበጋ ውሃና የክረምት ውሃ

በሐይቁ ዳር የውሃ ጥናት ሠራተኛ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት፣ አንድ የክረምት ቀን ዝናብ ያዘኝና መረብ ማድረቂያው ዳስ ሥር ተጠለልኩ። አንድ አረጋዊ ዓሣ አጥማጅ ከዘራቸውን ይዘው ዝናቡ እስኪያባራ ቆመዋል። ሰላምታዬን ቢቀበሉም ፊታቸው በቁጣ ጠቁሮ ነበር።

"አባባ፣ ምን ሆነዋል?" አልኳቸው።

"ጎረቤቴን ጀልባ ሠሪውን ለሽማግሌ ልከስ እየሄድኩ ነው፣ ልጄ። ሠላሳ ዓመት ከአንድ ማዕድ በልተናል፤ ትናንት መረቤን ሰረቀኝ። ዛሬ ጠዋት በአጥሩ ላይ ሌባ ብዬው መጣሁ።"

"ሲወስድ አይተውታል?"

"ምን ማየት ያስፈልጋል? አመሻሽ ላይ ስጥል ያየኝ እሱ ብቻ ነው። ገመዱ ተበጥሶ ቢሆን ውሃው ወደ ምሥራቅ ይወስደው ነበር። የምሥራቁን ዳርቻ ደግሞ ሸንበቆ በሸንበቆ አስሼዋለሁ።"

"ምዕራቡንስ?"

ከት ብለው ሳቁ። "ትምህርት ቤት የሚያስተምሯችሁ ይኼን ነው? የዚህ ሐይቅ ውሃ ወደ ምሥራቅ ነው የሚሄደው። የነገረኝ አባቴ ነው፤ አባቴ ዋሽቶ አያውቅም።"

የአባት ቃል ሲነካበት ጆሮውን የማይዘጋ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ መከራከሩን ትቼ፣ "አባትዎ ክረምት ያጠምዱ ነበር?" ስል ጠየቅኋቸው።

"በምን ጀልባ! ገንዳ የምታክል ነበረች። ክረምት ሲገባ ገልብጧት እርሻውን ያርስ ነበር። እኔም እንደሱ ነበርኩ። ዘንድሮ ልጄ ሞተር ገዛልኝና በክረምት ስወጣ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።"

"እንግዲያው አባትዎ እውነቱን ነግረውዎታል፤ የነገሩዎት ግን የበጋውን ውሃ ነው። በበጋ ነፋሱ ውሃውን ወደ ምሥራቅ ይገፋዋል። በክረምት ነፋሱ ይዞራል፤ በምሥራቅ ያሉት ወንዞችም ሞልተው ይገባሉ። ያን ጊዜ በዚህ ዳርቻ ያለው ውሃ ወደ ምዕራብ ይሄዳል።"

"ማን አየው?"

"እኔን አይመኑኝ። ውሃውን ራሱን እንጠይቀው።"

ዝናቡ ሲያባራ በጀልባቸው ሄድን። መረቡ ተጥሎበት በነበረው ቦታ መልሕቅ ጣሉ። እኔም ነፋስ እንዳይገፋቸው እስከ አንገታቸው ውሃ የሞላኋቸውን ሦስት ጠርሙሶች ለቀቅሁ። ሽማግሌው ጠርሙሶቹ ሲሄዱ ለማየት ወደ ምሥራቅ ዞረው ተቀመጡ። ጠርሙሶቹ በጀርባቸው በኩል ሄዱ።

ዞር ብለው አዩአቸው። ከዚያ መልሕቁን ስበው ሞተሩን አስነሡ። መረቡ ገመዱ እንደተበጠሰ በምዕራቡ ሸንበቆ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ ዓሣም ይዟል።

"አሁን ሐይቁን ለማን ልክሰስ?" አሉ ቀስ ብለው።

ወደ ጀልባ ሠሪው ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። ሳንቃ እየላገ ነበር፤ ቀና አላለም።

"ጠዋት ሌባ ብዬሃለሁ" አሉት።

"ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው።"

"ውሃው ነው የወሰደው። በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።"

ጀልባ ሠሪው መላጊያውን አስቀመጠ። "መቆሙ ምንድን ነው? ያንን ፍቅፋቂ ጠረግ አድርግና ተቀመጥ።"

ከዚያው ሳንቃ አንድ ሰሌዳ ተሠራ። በአንድ ፊቱ "በጋ" ተብሎ ቀስቱ ወደ ምሥራቅ፣ በሌላው "ክረምት" ተብሎ ወደ ምዕራብ ተሳለበት፤ ዳሱ ላይም ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ የጠፋ መረብ በግማሽ ቀን ይገኛል፤ በጎረቤቱም ላይ ጣት የሚቀስር የለም። ባለፈው ክረምት ሐይቁ መሃል የጀልባ ሞተራቸው የቆመባቸው ሁለት ሰዎች ሳይመሽ የተገኙት ፈላጊዎቹ ሰሌዳውን አይተው ስለወጡ ነው።

ሰሌዳውን በየወቅቱ የሚገለብጡት ሽማግሌው ናቸው። "አባቴም ክረምት ወጥቶ ቢያይ ኖሮ" ይላሉ፣ "ይገለብጠው ነበር።"