አምስት ሰከንድ ለሳሙናው

በመላው መርካቶ ማስታወቂያ የማያታልላት ልጅ አንዲት ሱንዱስ ብቻ ናት። ይህን የምትለውም ራሷ ሱንዱስ ናት፤ በትምህርት ስምንተኛ ክፍል፣ በስልክ ግን ፕሮፌሰር። አንድ ቀን የእናቷን ቀሚስ ልታሳጥር እያንጎራጎረች ሶማሌ ተራ ልብስ ሰፊው ጋሼ ሽኩር ሱቅ ብትገባ፣ አዲሱን የጨርቅ ጠርዝ መልቀሚያ መኪና፣ ኦቨርሎኩን፣ በገመድ ሲጠፍሩት አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ወዴት ሊወስዱት ነው?»

«ለሻጩ ለኢስሐቅ ልመልስለት። ከዙሁር ሶላት በኋላ አልቀበልም ብሎኛል። አራት ክር የሚበላ ጉድ! ሠላሳ ዓመት ሰፍቼ አንዱንም ማሳለፍ አቃተኝ።»

«ማሳለፊያውን የሚያሳይ ቪዲዮ ልኬልዎት አልነበር? ሁለት ደቂቃ እኮ ናት።»

«ሁለት ደቂቃ ትያለሽ። በከፈትኩት ቁጥር መጀመሪያ አንድ የሳሙና ሰውዬ እየዘፈነ ይመጣል። እሱን ጨርሼ ክሩ ጋ ስደርስ ቀዩ በየት እንዳለፈ ያመልጠኛል። ደግሜ ልየው ስል ደግሞ ሳሙናው። እሱ እስኪሄድ ያየሁትም ከጭንቅላቴ ወጥቷል።»

«እስከ መጨረሻው ያዩታል እንዴ?»

«ታዲያስ? ሰው እቃውን እያሳየ ፊት ይነሳል? እኔስ ጨርቅ ዘርግቼ ደንበኛው ጥሎኝ ቢሄድ ደስ ይለኛል?»

ሱንዱስ ሳቋን በሻርፗ ጫፍ አፈነች። ጋሼ ሽኩር ለሰው ሁሉ ጨዋ መሆናቸውን ታውቃለች፤ ለሳሙናም ይሆናሉ ብላ ግን አልጠረጠረችም።

«እርስዎ እኮ እሱ ሱቅ አልሄዱም ጋሼ። እሱ ነው ሥራዎ ላይ የመጣው። ደንበኛ እየለኩ ጀብሎ ሶፍትና ማስቲካውን ይዞ መሀል ቢገባ ምን ይሉታል?»

«‹ለዛሬ ይቅርብኝ ልጄ› ብዬ እሸኘዋለሁ።»

«ይኸው፣ ስልክዎ ላይ ማስታወቂያውን የምታዘልለው ይህች ቁልፍ ‹ይቅርብኝ ልጄ› ማለት ናት።»

«ቪዲዮውን በነጻ የሚያሳየኝ እሱ አይደል? በልቶ መሮጥ አይሆንም?»

«ለዚያ እኮ ነው ቁልፏ ከአምስት ሰከንድ በኋላ የምትመጣው። ሰላምታውን ይቀበሉት፤ ከዚያ ወዲያ ጊዜው የእርስዎ ነው።»

ጋሼ ሽኩር ገመዱን ፈቱና ቪዲዮውን ከፈቱ። ሳሙናው ብቅ አለ። እስከ አምስት ቆጠሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይቅርብኝ ልጄ» አሉና ተጫኑ።

ክሩ መጣ። አቆሙት፣ መለሱት፣ ደግመው አዩት። ሱንዱስ እያንጎራጎረች ክሮቹን አቀበለቻቸው። አራተኛው እንዳለፈ መኪናው ተንደቀደቀ፤ የእናቷ ቀሚስ ጠርዝ እንደ ፋብሪካ ሥራ ተለቅሞ ወጣ። ጋሼ ሽኩር ገመዱን ጠቅልለው ከመደርደሪያው ሥር ወረወሩት፤ ኢስሐቅ ከእንግዲህ ቢጠብቅም ባይጠብቅም ግድ የላቸውም።

ሱንዱስ ይሄኔ ወገቧን ይዛ መካሪ ሆነች።

«አዩልኝ ጋሼ? ማስታወቂያን መሸኘት የሚችል ሰው ጊዜው አይበላም፣ ሊማር የመጣበትን አይረሳም፣ እንጀራውም ይሰፋል። እኔን ይዩኝ፤ ስንቱ ሳሙና በፊቴ አልፏል፣ አንዱም ጆሮዬ ገብቶ አያውቅም።»

ጋሼ ሽኩር ከስፌታቸው ቀና እንኳ ሳይሉ መለሱላት።

«ከገባሽ ጀምሮ የምታንጎራጉሪው የሳሙናውን ዘፈን ነው።»