የኋላ በር ጥበቃ

(አዲስ አበባ፣ ኮተቤ፣ ረፋድ። የግል ኮሌጅ ጥበቃ የሆኑት አቶ ዘርጋው ከሌሊት ተረኛነት ገብተው እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ነክረዋል፤ ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰችው ልጃቸው ስምረት የዚያኑ ኮሌጅ የምዝገባ ፎርም ይዛ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች።)

አቶ ዘርጋው፦ እስክሪብቶው ይጽፋል፣ ሞክሬዋለሁ። ፈርሚ።

ስምረት፦ አልፈርምም አልኩህ እኮ አባዬ።

አቶ ዘርጋው፦ ምዝገባው ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ስምረት፦ ይዘጋ። እኔ የደረሰኝ ሮቤ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው። መንግሥት መድቦኛል፤ ማደሪያ አለው፣ ምግብ አለው። ሐሙስ ግቡ ብለዋል፣ ሐሙስ እገባለሁ።

አቶ ዘርጋው፦ ሮቤን በካርታ ነው የማውቀው።

ስምረት፦ እኔም። ሄጄ አየዋለሁ።

አቶ ዘርጋው፦ ታመመች ብለው ቢደውሉልኝ መቼ ነው የምደርሰው? ፈቃድ ለምኜ፣ የሚተካኝ ሰው ፈልጌ፣ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተንገላትቼ። እስክደርስ ወይ ድነሽ ትቆይኛለሽ፣ ወይ...

ስምረት፦ ድኜ እቆይሃለሁ።

አቶ ዘርጋው፦ ይሄ አፍሽስ ሕግ መማር ይገባዋል።

ስምረት፦ እዚያም ያስተምሩታል።

አቶ ዘርጋው፦ ተይ እስቲ ስሚኝ። ዲኑ ራሳቸው ናቸው የፈረሙት። የሠራተኛ ልጅ ስለሆንሽ ግማሹን ይተውልናል። ዘጠኝ ዓመት እዚያ በር ላይ ቆሜ የጠየቅኳቸው ነገር ይሄ ብቻ ነው። እንቢ ይሉኛል ብዬ ማመልከቻውን ሳምንት ሙሉ በኪሴ ይዤ ዞሬአለሁ።

ስምረት፦ ሌላውን ግማሽ ማን ይችለዋል?

አቶ ዘርጋው፦ እሱ የኔ ነገር ነው።

ስምረት፦ በምን? ቀን ትቆማለህ፣ ሌሊት ትቆማለህ። ውጤት ከመጣ ወዲህ ስንት ቀን ቤትህ አደርክ?

አቶ ዘርጋው፦ ሌሊቱ ቀላል ነው። ተማሪ የለ፣ መኪና የለ። ቁጭ ይባላል።

ስምረት፦ ቁጭ የሚል ሰው እግር እንዲህ ያብጣል? እስቲ አውጣው ልየው።

አቶ ዘርጋው፦ ቆይ፣ ውሃው ገና ሙቅ ነው።

ስምረት፦ ካፈሰስኩልህ አንድ ሰዓት ሆነው እኮ።

አቶ ዘርጋው፦ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፣ ስምረት። አስተማሪ ቢቀር ወዲያው ሌላ ይተካሉ። ልጆቹ ገና ሳይመረቁ የባንክ ሰዎች መጥተው ይመለምሏቸዋል። በወሬ ሰምቼ አይደለም የማወራሽ፤ መታወቂያቸውን ተቀብዬ የማስገባቸው እኔ ነኝ።

ስምረት፦ ሮቤ የተማረ ሥራ አያገኝም?

አቶ ዘርጋው፦ ያገኛል፣ ከፈለገ በኋላ። ያ የጎረቤታችን የወይዘሮ አልጋነሽ ልጅ ክፍለ ሀገር ተመርቆ ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ ነው እየፈለገ።

ስምረት፦ እሱማ ተኝቶ ነው የሚፈልገው።

አቶ ዘርጋው፦ አታስቂኝ፣ ደክሞኛል።

ስምረት፦ እኔም ደክሞኛል አባዬ። ወር ሙሉ ይሄንኑ ስናነሳ ስንጥል።

አቶ ዘርጋው፦ እንግዲያው እውነቱን እናውራ። እኔ በምፈትሽበት በር መግባት አሳፍሮሽ ነው።

ስምረት፦ ማን ነገረህ?

አቶ ዘርጋው፦ ማንም። ዘጠኝ ዓመት እኮ የሰው ቦርሳ ስከፍት ኖሬአለሁ። ልጆቹ ክፉ አይደሉም። ስልካቸውን እያዩ ቦርሳቸውን ይዘረጉልኛል፣ ፊቴን ሳያዩ ያልፋሉ። አንድ ቀን ከነሱ ጋር እየሳቅሽ ትመጫለሽ፣ እኔ ደግሞ ቦርሳሽን ልከፍት እጄን እዘረጋለሁ። ይገባኛል። በአንቺ ዕድሜ ብሆን እኔም አፍር ነበር። ስለዚህ አስተካክዬዋለሁ።

ስምረት፦ ምኑን?

አቶ ዘርጋው፦ ከሰኞ ጀምሮ የኋላ በር ነኝ። የካፌው አትክልትና የቆሻሻ መኪና የሚያልፍበት። ተማሪ ዝር አይልበትም።

ስምረት፦ ለምነህ ነው ወይስ አዛውረውህ?

አቶ ዘርጋው፦ ኃላፊዬን አስቸግሬ ነው እንጂ ማን ይሰጠኛል። ስሜ ያለበትን ባጅም መለስኩ፣ ቁጥር ብቻ ያለው ሰጡኝ። ስምረት ዘርጋው ብለው ሲጠሩሽ የሰማ ልጅ፣ እኔ ደረት ላይ ዘርጋው የሚል አይቶ እንዳያገናኝ። መንገድ ላይ ብንገጣጠም ሰላም አትበይኝ፣ ቅር አይለኝም።

ስምረት፦ ልጅህ በመሆኔ ግማሹን ይቀንሱልኛል፤ አንተ ደግሞ ልጅህ እንዳልሆንኩ ታደርገኛለህ።

አቶ ዘርጋው፦ ቢሮ ያሉት ያውቃሉ። ተማሪዎቹ ናቸው እንጂ...

ስምረት፦ አንድ ቀን አፍሬብህ አላውቅም፣ አባዬ። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ምሳህን ሳመጣ ከጓደኞቼ ጋር ዩኒፎርምህን እንደለበስክ አይደል ያስተዋወቅኩህ?

አቶ ዘርጋው፦ ያኔ ሕፃን ነበርሽ።

ስምረት፦ እንቢ ያልኩት በሌላ ምክንያት ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው ደውለውልኝ ነበር።

አቶ ዘርጋው፦ የትኛው ሸዋንግዛው?

ስምረት፦ አብረውህ ሌሊት የሚቆሙት። ባለፈው እሁድ ቆመህ እንቅልፍ ጥሎህ አጥሩ ላይ እንደወደቅክ ነገሩኝ። ለእኔና ለእማዬ ግን መዝጊያ መታኝ አልከን።

አቶ ዘርጋው፦ ያ ሰውዬ አፉ አያርፍም።

ስምረት፦ እንኳንም አላረፈ። ሕግ አምስት ዓመት ነው። አምስት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ዛሬ የት ወድቆ ይሆን እያልኩ ልማር? ምን ይገባኛል ብለህ ነው?

አቶ ዘርጋው፦ ታዲያ ሌላው አባት ልጁን እንዴት ነው የሚያስተምረው?

ስምረት፦ መንግሥት የመደበላት ቦታ እየላከ።

አቶ ዘርጋው፦ በየዓመቱ የሰው ልጅ ጋዋን ለብሶ በፊቴ ሲወጣ አያለሁ። ጋሼ ፎቶ አንሱን ይሉኛል፣ አነሳቸዋለሁ። አሁንማ አሪፍ አድርጌ ማንሳት ችያለሁ። እና አንድ ቀን የኔዋ በዚያው በር... ተይው በቃ።

ስምረት፦ ሮቤም ጋዋን ያለብሳሉ። ያን ቀን ሌላ ሰው ያንሳን፤ አንተ እኔ ጎን ነህ የምትቆመው።

አቶ ዘርጋው፦ ፎጣውን አቀብይኝ።

ስምረት፦ እንካ። ፎርሙንስ ምን ላድርገው?

አቶ ዘርጋው፦ ሮቤ ብርድ ነው ሲሉ እሰማለሁ። የሌሊት ካፖርቴን ይዘሽ ሂጂ፤ ቀን ብቻ ለሚቆም ሰው ምን ያደርግለታል።