ድንኩ መሪና የእድራችን ሊቀመንበር

እናንተዬ፣ እሁድ ዕለት የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ታደለ ቀራንዮ ያለው ቤቴ ጎራ አሉ። ቁመታቸው ከወገቤ ብዙም አያልፍም። ልጄ የካርቱን ፊልም እያየች ነበር፤ የድንኮቹ መሪ ጺሙን አንዘርፍፎ ለጦርነት ሲፎክር ስታይ፣ "ጋሼ፣ እርስዎን ይመስላል!" አለቻቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ! እሳቸው ግን ወንበር ስበው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ማየት ጀመሩ። ጦርነቱ አልቆ መሪው ድግስ ላይ ሲቀመጥ ወደ እኔ ዞሩ።

"የሞቱበትን ሰዎች መቼ ቀበረ?"

"አላሳዩም፣ ጋሼ።"

"ድንኳንም አልተተከለ?"

"ኧረ አልተተከለም።"

የልጄን ፀጉር ዳበስ አደረጉ። "ቁመቱስ እውነትሽን ነው፣ እኔኑ ይመስላል። ግን ሟቹን ሳይቀብር የሚበላ ሰውዬ ምኑን መሪ ሆነ?"

ልጄ ሪሞቱን አንስታ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰች፤ ቀብሩን ልትፈልግ።