ወሰኔ እከክ ያለችው ችፌዬ

በእኛ ጊዜ ጎረቤት ሲታመም ይጠየቃል እንጂ አይሸሽም፤ ወሰኔ ግን ሸሸችኝ። ወሰኔን ታውቋት የለ፣ እዚህ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አጥር የምንጋራው፣ ያቺ አፏ የማያርፍ! ታዲያ በማርያም ማኅበር ላይ ክንዴን ሳክ አየችኝና፣ ጽዋው እኔ ዘንድ ሲደርስ ድምጿን አቅጥና፣ «ዘነቡ ትቆየን እስቲ፣ እከክ ይዟታል፤ ይጋባል» አትልም! እኔን! ጽዋው አለፈኝ። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ሰላም የሚሉኝ ከሩቅ ሆነ፤ የሚስመኝ ጠፋ፣ እኔም ከማኅበሩ ቀረሁ።

እና ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እልህ ያዘኝና መታጠብ! ጠዋት ትኩስ ውሃ፣ ማታ ትኩስ ውሃ፣ በልብስ ሳሙና፣ በሻካራ ጨርቅ ፍትግ! በእንጦጦ ብርድ ትኩስ ውሃ ሲያርፍበት፣ አቤት ደስታው! ታዲያ ሲደርቅ ብሶበት ይመለሳል። ሳክ ያሳክከኛል፣ ሲያሳክከኝ አካለሁ፤ ክርኔ የዝሆን ቆዳ ሆነ እላችኋለሁ።

በመጨረሻ ልጄ አልማዝ እየጎተተች መገናኛ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ገና ለጋ ልጅ ናት።

«እማማ፣ በምንድን ነው የሚታጠቡት?»

«በትኩስ ውሃና በልብስ ሳሙና፣ በደንብ ነዋ!»

ሳቀችብኝ። «ቆዳ እኮ ነው እማማ፣ የጠቆረ ድስት አይደለም። ይሄ ችፌ ነው፤ ወደ ማንም አይጋባም። ቆዳዎ ወዙን አጥቷል። ሲደርቅ ያሳክካል፣ ሲያኩት ይቆጣል፣ ሲቆጣ የባሰ ያሳክካል። እርስዎ ደግሞ የቀረችውን ወዝ በሳሙና ያጥቧታል!»

«ታዲያ ልቆሽሽልሽ?»

«ለብ ባለ ውሃ፣ ቶሎ። እርጥብ እንዳለ ቫዝሊን ይቀቡት። የተቆጣው ላይ ብቻ ይሄን መድኃኒት፣ እኔ በነገርኩዎት ልክ። ጥፍርዎን ይቁረጡ። ሲያሳክክዎ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ይጫኑበት እንጂ አያኩት።»

ደግሞ «ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፣ እየተወ ይነሳል፤ ቫዝሊኑን እንዳያቋርጡ» አለችኝ። እኔ ግን ከሁሉ የሰማሁት «አይጋባም» ያለችውን ነው።

በማግስቱ ማለዳ ቫዝሊኔን ተለቅልቄ የወሰኔን በር አንኳኳሁ። ብቅ ስትል አንገቷን እቅፍ አድርጌ፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ስሜ ስሜ ስለቃት ጉንጯ እንደ መስተዋት አበራ!

«ኧረ ዘነቡ! ምን ሆነሻል?»

«ችፌ ነው፣ አይጋባም ብላለች ሐኪሟ! በይ ነጠላሽን አምጪ።»

«ወዴት?»

«ያወራሽበት ሁሉ ነዋ!»

እና እጇን ጭምቅ አድርጌ ይዤ በማኅበርተኞቹ ደጅ ሁሉ አዞርኳት። እኔ አንኳኳለሁ፣ እሷ በዚያች በቀጭን ድምጿ፣ «ችፌ ነው፣ አይጋባም!» ትላለች። ኪኪኪ!